በጭንቅ ዘመን ችሎታ እንዴት ያድጋል

ስለ ሰው ችሎታ በሰፊው የሚታመኑ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ፣ ችሎታ አብሮ የሚወለድ፣ ልኩም ቀድሞ የተወሰነ ነው የሚለው ነው። በዚህ እምነት ሒሳብ የሚሆንለት ልጅ አለ፣ የማይሆንለት አለ፤ ቀለም የሚገባው አለ፣ የማይገባው አለ፤ የፈተና ሥራም ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት ነው። ሌላው፣ መነሻው ከሰው ሰው ቢለያይም ችሎታ በልምምድ፣ በተሻለ ዘዴና በሰው እገዛ ያድጋል የሚለው ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን የማይለወጥ አስተሳሰብ፣ ሁለተኛውን የዕድገት አስተሳሰብ ይሉታል። ሰው ሁሉ ከሁለቱ በአንዱ የተመደበ ግን አይደለም። በንግዱ በየቀኑ ከስህተቱ የሚማር ነጋዴ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ «ይኼ ለኔ አይሆንም» ብሎ ሊነሳ ይችላል።

ነገር በተቃና ጊዜ ሁለቱ እምነቶች እምብዛም አይለያዩም። ጎበዝ የተባለው ልጅ አንደኛ እየወጣ እስከቀጠለ ድረስ ስለ ችሎታ ምን እንደሚያምን የሚጠይቀው የለም። ልዩነቱ የሚገለጠው ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሥራ ሲቋረጥ፣ ሕመም አልጋ ላይ ሲጥል፣ ሰው ከአገሩ ሲወጣ ወይም ሲታሰር ነው። ያኔ አንዱ «እኔ ድሮም እንዲህ ነኝ» ሲል ሌላው «በዚህ ዘዴ አልሆነም» ይላል። የመጀመሪያው ንግግር ነገሩን ይዘጋዋል፤ ሁለተኛው ሌላ ዘዴ ወደ መፈለግ ይወስዳል።

ስለ እነዚህ እምነቶች የሚደረገው ጥናት ሥሩ ተስፋ መቁረጥን ለመረዳት በተደረገ ሙከራ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በውሾች ላይ የሠሩትን ጥናት አሳተሙ። አንደኛው ቡድን የኤሌክትሪክ ንዝረት ሲደርስበት በጭንቅላቱ መጫኛ ገፍቶ ማስቆም ይችል ነበር። ሁለተኛው ቡድን ያው ንዝረት ይደርስበታል፤ ምንም ቢያደርግ ግን አይቆምለትም። በኋላ ሁለቱም በቀላሉ ዘለው ሊያመልጡ በሚችሉበት ሣጥን ውስጥ ገቡ። የመጀመሪያዎቹ ዘለው ወጡ። ከሁለተኛዎቹ አብዛኞቹ እዚያው ተኝተው ንዝረቱን ተቀበሉ። ተመራማሪዎቹ ይህን የተማሩት ረዳት አልባነት ነው አሉት፤ እንስሶቹ ጥረት ዋጋ እንደሌለው ተምረዋል ማለታቸው ነበር።

ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ እነዚሁ ሁለት ሰዎች የአንጎል ጥናት ያሳየውን አይተው የራሳቸውን ትርጓሜ ገለበጡት። ለረዘመ መከራ እጅ መስጠት የአንጎል የመጀመሪያ ምላሽ ነው፤ ማንም አያስተምረውም። በትምህርት የሚመጣው ተቃራኒው ነው፤ የሚያደርጉት ነገር ለውጥ እንደሚያመጣ ማወቅ ነው። ይህ እርማት ከመጀመሪያው ግኝት ያነሰ ዝና አለው፤ ስለ ጭንቅ ጊዜ ለሚያስብ ሰው ግን ከመጀመሪያው ይበልጥ ይጠቅማል። በመከራ ውስጥ እጁን አጥፎ የተቀመጠ ሰው ጠባዩ ተበላሽቷል ማለት አይቻልም። የጎደለው ትንሽም ብትሆን በእጁ የተለወጠች ነገር ማየት ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ካሮል ድዌክ ወደዚህ መስክ የገቡት የተማሩት ረዳት አልባነት የሚለው ሐሳብ በገነነበት ጊዜ ነበር። ጥያቄያቸው ያው ከባድ ጥያቄ ቀርቦላቸው አንዳንድ ልጆች ለምን ይሸሻሉ፣ ሌሎቹስ ለምን ይበረታሉ የሚል ነበር። በይበልጥ የታወቀው ሙከራቸው ከክላውዲያ ሙለር ጋር ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ነው። የአምስተኛ ክፍል ልጆች መጠነኛ የሆኑ የቅርጽ እንቆቅልሾች ተሰጧቸው። ከሠሩ በኋላ አንዳንዶቹ ስለ ብልህነታቸው፣ ሌሎቹ ስለ ጥረታቸው ተሞገሱ። ልዩነቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ቀጥሎ በጣም ከባድ ጥያቄዎች መጡ፤ ሁሉም ወደቁ። በመጨረሻ እንደ መጀመሪያዎቹ መጠነኛ የሆኑ ጥያቄዎች ቀረቡ። ስለ ብልህነታቸው የተሞገሱት ከመጀመሪያው ውጤታቸው ወረዱ፤ ስለ ጥረታቸው የተሞገሱት ተሻሻሉ። ውጤታቸውን ለማያውቋቸው ልጆች በጽሑፍ እንዲነግሩ ሲጠየቁ፣ ብልህ ከተባሉት ወደ 40 ከመቶ የሚጠጉት ከፍ አድርገው ዋሹ። አንዴ ብልህ የተባለ ልጅ መውደቁን የሚያይበት ቦታ የለውም፤ ወይ ይደብቀዋል፣ ወይ ስሙን ይመልሳል።

ለኢትዮጵያ ቤተሰብና መምህር ይህ ውጤት ሩቅ አይደለም። በየሰርተፍኬቱ ላይ ደረጃ በሚጻፍበት፣ «አንደኛ ወጣህ ወይ?» በሚጠየቅበት አገር ልጅ ቀድሞ የሚማረው ከሌላው ልጅ ጋር መለካትን ነው። ካለፈው ወር የራሱ ሥራ ጋር የሚያስተያየው እምብዛም አያገኝም።

አንጎልም በልምምድ ይለወጣል። የለንደን ታክሲ ነጂ ፈቃድ ለማግኘት ወደ 25,000 የሚጠጉ ጎዳናዎችን በቃል ማወቅ ይኖርበታል፤ ሥልጠናው በአብዛኛው ከሦስት እስከ አራት ዓመት ይፈጃል። ተመራማሪዎቹ ካትሪን ዉሌትና ኤሊኖር ማግዋየር የሠልጣኞቹን አንጎል ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊትና ከፈተናው በኋላ በምስል አንስተው አወዳደሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ፈተናውን ያለፉት ሰዎች አንጎል፣ ለቦታ ትውስታ በሚያገለግለው ክፍል፣ መጠኑ ጨምሮ ተገኘ። ሥልጠናውን ያቋረጡት ወይም የወደቁት ላይ ይህ አልታየም። አዋቂ ሰው ከእንግዲህ አይማርም የሚለው አነጋገር ከዚህ በኋላ መቆሚያ የለውም።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ መንገዱ ክፍት ለሆነለት ተማሪ ይሠራል። የጭንቅ ጊዜ ግን ሌላ ነገር ይጨምራል። አንደኛ፣ በጥረትና በውጤት መካከል ያለውን ክር ይበጥሳል፤ ገበሬው ደክሞ ዝናብ ይቀራል፣ ተማሪው አጥንቶ ፈተናው ይሰረዛል። ሁለተኛ፣ እርማት ይጠፋል። መምህር፣ የሥራ ባልደረባ፣ ደንበኛ፣ አብሮ የሚያጠና ጓደኛ ሁሉ «ይኼ ልክ ነው፣ ያ አይደለም» የሚሉ ሰዎች ናቸው፤ ሰው ብቻውን ሲቀር የሚያጣው ከሁሉ በፊት እነሱን ነው። ሦስተኛ፣ የማሰቢያ አቅም ራሱ ይቀንሳል። በደቡብ ሕንድ ታሚል ናዱ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች ዋና ገንዘባቸውን የሚያገኙት ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት እነዚሁኑ ገበሬዎች ከምርት በፊትና በኋላ ፈተናቸው። ከምርት በፊት፣ እጃቸው ባጠረ ጊዜ፣ ያስመዘገቡት ውጤት ከምርት በኋላ ካገኙት ዝቅ ያለ ነበር። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ጎተራው ነው። የነሐሴን ወር በባዶ ጎተራ የሚያሳልፍ የአማራ ወይም የደቡብ ገበሬ ይህን ለማመን ጥናት አያስፈልገውም።

በኮሮና ወረርሽኝ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ስለ አይዛክ ኒውተን የሚነገር ታሪክ ዓለምን ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1665 ወረርሽኝ የካምብሪጅን ዩኒቨርሲቲ ሲያዘጋ ኒውተን ወደ ተወለደበት ዉልስቶርፕ ሄዶ ስለ ብርሃን፣ ስለ ስበትና ስለ ካልኩለስ ያሰበው በዚያ ጊዜ ነበር ይባላል። መሠረቱ እውነት ነው። ሲነገር ግን ሁለት ነገር ይቀራል። ኒውተን ወደ ገጠር የወረደው ጊዜው የደረሰበትን ሒሳብ በካምብሪጅ ሲያጠና ቆይቶ ነው፤ የስበትን ሥራ የያዘው ትልቁ መጽሐፉም የታተመው እ.ኤ.አ. በ1687፣ ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ቤት ተዘግቶበት የቀረን ሰው «ኒውተን እንኳ» እያሉ መጎትጎት የዕድገት አስተሳሰብን አያስተምርም። ልዩ ተሰጥኦ ሲዘጋበት ይፈነዳል የሚለውን የድሮ እምነት መልሶ ያመጣል።

ከኒውተን ይልቅ ብዙ የሚያስተምረው የሮበን ደሴት ታሪክ ነው። ይህች ደሴት ከኬፕታውን የባሕር ዳርቻ ፊት ለፊት ትገኛለች፤ በአፓርታይድ ዘመን የደቡብ አፍሪካ መንግሥት የፖለቲካ እስረኞችን ያጉርባት ነበር። ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 በአዲስ አበባ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደው ወደ አገራቸው እንደተመለሱ ተያዙ። ከ27 የእስር ዓመታቸው 18ቱን ያሳለፉት በዚህች ደሴት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዝቅተኛው ደረጃ የተመደበ እስረኛ በስድስት ወር አንድ ደብዳቤ ይጽፋል፣ አንድ ደብዳቤ ይቀበላል፣ አንድ ጠያቂ ያያል። ሰዓትና ጋዜጣ ክልክል ነበር። የእነ ማንዴላ ክፍል እስረኞች ለዓመታት የኖራ ድንጋይ ካባ ውስጥ ሲፈልጡ ዋሉ፤ የድንጋዩ ንጣት ከፀሐይ ጋር ተዳምሮ የማንዴላን ዓይን ጎድቷል።

በዚያ ካባ ውስጥ ትምህርት ተጀመረ። ዋልተር ሲሱሉ የድርጅታቸውን የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስን ታሪክ ያስተምሩ ነበር። አሕመድ ካትራዳ የሕንዳውያንን የትግል ታሪክ፣ ማንዴላ የፖለቲካ ኢኮኖሚ ያዙ። መምህሩ መካከል ሆኖ ድንጋይ ይፈልጣል፤ ሌሎቹ ዙሪያውን ይዘው እየፈለጡ ያዳምጣሉ፣ ይጠይቃሉ። ጠባቂ ሲቀርብ ንግግሩ ይቆማል። የትምህርቱ ማስታወሻ በድብቅ ወደ ሌሎቹ የእስር ክፍሎች ይላክ ነበር። ከዚያ ደግሞ ጥያቄ ይመለስ ነበር፤ ብዙዎቹ ጠያቂዎች ትምህርት ያልገፉ ሰዎች ናቸው። መምህራኑ እንደገና እንዲያስቡ ያስገደዷቸው እነዚህ ጥያቄዎች ነበሩ። ከደሴቲቱ ታሪክ ሁሉ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው፤ እስር ቤቱ እርማትን ቆርጦ ነበር፣ እስረኞቹ በመካከላቸው መልሰው ሠሩት።

መደበኛ ትምህርትም ነበር። እስረኞች ፈቃድ ካገኙ ከደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በተልእኮ መማር ይችሉ ነበር። ፈቃዱ ግን እንደ ቅጣት ይነጠቃል። ማንዴላ በድብቅ የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በተገኘ ጊዜ ለአራት ዓመት ያህል እንዳይማሩ ተከለከሉ። የአሳሪዎቻቸውን ቋንቋ አፍሪካንስን አጥንተዋል፤ ወጣት እስረኞች ይህን እንደ ውርደት ቢያዩትም እሳቸው ወደፊት አብረው ለመነጋገር የሚያስፈልግ መሣሪያ አድርገው ያዙት። የጀመሩትን የሕግ ዲግሪ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ያኔም እስረኛ ነበሩ፣ ዕድሜያቸውም 70 አልፎ ነበር።

ሌላው የደሴቲቱ እስረኛ ዲክጋንግ ሞሴኔኬ ሲታሰሩ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1963 የአሥር ዓመት እስራት ተፈርዶባቸው ወደ ሮበን ደሴት ተወሰዱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ጨረሱ፤ በእንግሊዝኛና በፖለቲካ ሳይንስ ዲግሪ አገኙ፤ ከዚያም ሕግ ቀጠሉ። ከእስር ከወጡ በኋላ ጠበቃ ሆኑ፤ በመጨረሻም በአፓርታይድ ፍርስራሽ ላይ የተቋቋመው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ምክትል ዋና ዳኛ ሆነው እስከ እ.ኤ.አ. 2016 አገለገሉ። ይህን ታሪክ እንደ ተረት መናገር ቀላል ነው። አብሮ መነገር ያለበት ግን ሞሴኔኬ ብቻቸውን አለመማራቸው ነው። ቀድመዋቸው የተማሩ ታሳሪዎች አስተማሯቸው፤ የውጭው ዩኒቨርሲቲ ፈተናና ውጤት ላከላቸው፤ የተፈረደባቸውም ዓመት መጨረሻው የታወቀ ነበር።

ኳስ እንኳ እንደዚሁ ነው። እስረኞቹ እግር ኳስ ለመጫወት እንዲፈቀድላቸው ለዓመታት ደጋግመው ጠይቀው በመጨረሻ ተፈቀደላቸው። የማካና እግር ኳስ ማኅበርን አቋቋሙ፤ ክለቦችን በየደረጃው ከፈሉ፤ የፊፋን ደንብ ተከትለው ዳኛ ሾሙ፤ ቅሬታ የሚሰማ ኮሚቴ አቆሙ፤ በእያንዳንዱ ክርክር ላይ በጽሑፍ ተጻጻፉ። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2007 ማኅበሩን የክብር አባሉ አደረገው። በሁለት ክለቦች መካከል ስለተቆጠረ ጎል የተጻፈን የአቤቱታ ደብዳቤ ያነበበ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በዚያ ወረቀት ላይ ግን ማስተዳደር፣ መከራከርና ፍርድ መቀበል ይለማመዱ ነበር። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ በኋላ አገር አስተዳደሩ።

ኢትዮጵያም የራሷ ታሪክ አላት። በደርግ ዘመን ጸሐፊው ነቢይ መኮንን በማዕከላዊ እስር ቤት ሳሉ የማርጋሬት ሚቸልን ከሺህ ገጽ በላይ የሆነ ልቦለድ ወደ አማርኛ መለሱ። ወረቀት አልነበረም። የጻፉት በሲጋራ ፓኬት ውስጥ በሚገኘው የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ነበር፤ ቁርጥራጩ ወደ 3,000 ይደርሳል። የተተረጎመው ክፍል ለታሳሪዎች ይነበብ ነበር። ከእስር የሚፈቱ ሰዎች ቁርጥራጩን በሲጋራ ፓኬት ደብቀው ያወጡት ነበር፤ ተርጓሚውም ሲፈቱ ከየሰዉ እጅ መሰብሰብ ነበረባቸው። ትርጉሙ ‹ነገም ሌላ ቀን ነው› በሚል ርዕስ ታትሟል። በዚህም ታሪክ የአንድ ሰው ጽናት ጎልቶ ይታያል፤ ነገር ግን ሲጋራ ያጨሱትም፣ ያዳመጡትም፣ በኪሳቸው ይዘው የወጡትም ሰዎች የሥራው አካል ናቸው። አድማጭ ባይኖር ኖሮ የዛሬውን ምዕራፍ ለነገ ለማድረስ የሚያጣድፍ ምክንያት አይኖርም ነበር።

ከእስር ውጪ ያለ፣ ማንም ትምህርት ብሎ የማይጠራው ዕድገትም አለ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያት፣ ፓስፖርታቸው በአሠሪ እጅ ሆኖ፣ ከቤት የመውጣት ነፃነት ሳይኖራቸው፣ ዓረብኛን በጆሮ ብቻ ይለምዳሉ። ምግብ ያበስላሉ፣ ሕመምተኛ ያስታምማሉ፣ የሌላ ሰው ልጅ ያሳድጋሉ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይህ ሁሉ የምስክር ወረቀት ስለሌለው በቅጥር ማመልከቻ ላይ ባዶ ቦታ ይሆናል፤ ባለቤቶቹም ራሳቸው «ምንም አልተማርኩም» ይላሉ። የተገኘውን ችሎታ በስሙ መጥራት፣ በቃልም ቢሆን መዘርዘር፣ ለቀጣዩ ሥራ መነሻ ይሆናል። በአሠሪ የደረሰን በደል «ትምህርት ሆነላት» ብሎ ማለፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በደሉ በደል ሆኖ ይቀራል።

ይህ ወደ ሐሳቡ ወሰን ያመጣል። የዕድገት አስተሳሰብ በዓለም ዙሪያ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ከተመዘነው በላይ ተነግሮለታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ በአስተሳሰቡና በትምህርት ውጤት መካከል ያለው ዝምድና በአማካይ ደካማ መሆኑን አሳየ። በተከታዩ ዓመት በአሜሪካ ወደ 12,000 በሚሆኑ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። ተማሪዎቹ ከአንድ ሰዓት ያነሰ የኮምፒውተር ትምህርት ወስደው ነበር። ዝቅተኛ ውጤት የነበራቸው ተማሪዎች አማካይ ውጤት ከአራት ነጥብ በ0.1 ገደማ ከፍ አለ። ጭማሪው ትንሽ ነው፤ ወጪው ግን ከዚያ ያነሰ ነው። የበለጠ የሚያስተምረው ሌላው ግኝት ነው፤ ለውጡ ጎልቶ የታየው የክፍል ጓደኞች ከባድ ሥራ መሞከርን በሚደግፉበት ትምህርት ቤት ነበር። ዘሩ አንድ ሆኖ መሬቱ ለየው።

ቺሊ ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ ሌላ ጎን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ይህ ጥናት የአገሪቱን የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ ለማለት በሚያስችል ደረጃ ያካተተ ነበር። የድሃ ቤተሰብ ልጆች ችሎታ ያድጋል ብለው የማመናቸው ዕድል ከሀብታም ልጆች ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እምነቱ ያላቸው ድሆች ግን ከመሰሎቻቸው በግልጽ ተሽለዋል። ድህነት ኪስን ብቻ ሳይሆን «ብሞክር ይሆናል» የሚለውን ግምትም ያሳንሳል ማለት ነው። ግምቱ የተነሳው ከስንፍና አይደለም፤ በዙሪያው ሞክሮ የተሳካለት ሰው ብዙ ካለማየት ነው።

የኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለዚህ ከባድ ምሳሌ ነው። በ2014 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ጨርሰው ከተፈተኑት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30,000 ያህል ብቻ ነበሩ፤ 3.3 ከመቶ መሆኑ ነው። ከመቶ 97ቱ አስተሳሰባቸው ስለተበላሸ ወደቁ የሚል ካለ ነገሩን አልተመለከተም። በእነዚያ ዓመታት ጦርነት ነበር፣ ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ነበር፣ የመምህርና የመጽሐፍ እጥረት የቆየ ነው፣ የፈተናው አሰጣጥም ተለውጦ ነበር። ይህን ሁሉ ለተማሪው አስተሳሰብ ማሸከም ኃላፊነትን ከባለቤቱ ላይ ማንሳት ነው። በሌላ በኩል ውጤቱን በእጁ ይዞ የቆመው አንድ ተማሪ የሥርዓቱ ጥፋት ነው በሚለው መልስ ብቻ ወዴትም አይሄድም። ከወደቁት ውስጥ የተሻለ ነጥብ ያላቸው በዩኒቨርሲቲዎች የማካካሻ ትምህርት እንዲወስዱ የተደረገው ለዚህ ነበር፤ በየትኛው ትምህርት፣ በየትኛው ምዕራፍ ላይ እንደጎደለ መለየትና እዚያ መጀመር። የሕዝብ ጥያቄና የግል ጥያቄ ጎን ለጎን መሄድ ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን ሲውጥ ነው ጉዳቱ።

ምክር ሰጪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ጥረትን ብቻ በማወደስ ነው። ያንኑ የማይሠራ ዘዴ አሥር ጊዜ የደጋገመን ልጅ «በርታ፣ ደህና ሞክረሃል» ማለት ማጽናናት እንጂ ማስተማር አይደለም። ድዌክ ራሳቸው ይህን የተዛባ አጠቃቀም በአደባባይ ተቃውመዋል። መምህሩ ጥረቱን አይቶ ዘዴውን መጠየቅ አለበት፦ የትኛው እርምጃ ላይ ተሳሳተ፣ ምን ሌላ መንገድ አለ፣ ማንን መጠየቅ ይቻላል።

ነገሩ በተግባር ሲታይ፣ በተዘጋ ጊዜ የሚያድግ ሰው የሚጀምረው በእጁ ካለው ትንሽ ነገር ነው። የማየርና የሴሊግማን እርማት እንደሚያመለክተው፣ አንጎል እጅ ከመስጠት የሚመለሰው ያደረገው ነገር ለውጥ ሲያመጣ ሲያይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በአንድ ቀን የሚያልቅ፣ ሲያልቅም በዓይን የሚታይ መሆን አለበት። «እንግሊዝኛ እችላለሁ» የሚል ዕቅድ አይታይም፤ «ዛሬ ከዚህ ገጽ አምስት ቃል» ግን ይታያል። ፒተር ጎልዊትዘር የተባሉ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ያጠኑት ዘዴ እዚህ ላይ ይረዳል፤ ዕቅድ ከጊዜና ከቦታ ጋር ሲታሰር የመፈጸም ዕድሉ ይጨምራል። «ቡና ተጠጥቶ ሲያልቅ ደብተሩ ይከፈታል» የሚል ዕቅድ «ጊዜ ሳገኝ» ከሚለው ይሻላል።

መጽሐፍ በሌለበትም የሚሠራ ዘዴ አለ። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎችና አንብበው ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩ ተማሪዎች ተነጻጸሩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት በለጡ። ይህ ዘዴ መብራት አይፈልግም፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። የኢትዮጵያ የአብነት ትምህርት ቤት በዚህ ሲሠራ ኖሯል። ተማሪው ቀን የሰማውን ማታ በጨለማ ይቀጽላል፤ የሚበላውን ለምኖ፣ በሣር ጎጆ አድሮ።

የቅኔ ጉባኤው ደግሞ ከባድ ነገር እንዴት በደረጃ እንደሚከፈል ያሳያል። ጀማሪ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ቀጥሎ ሦስት ቤት ያለው ዘአምላኪየ ይመጣል፤ እንዲህ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ተማሪው ብቻውን ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያ ለመምህሩ ያሰማል፤ የኔታ ያርሙታል። የተበላሸ ቅኔ ይዞ መቅረብ ነውር አይደለም፣ የዕለቱ ሥራ ነው። በማግሥቱ ሌላ ይቆጥራል። እዚያም ቢሆን ተማሪ በቁጣና በአለንጋ ሲማረር የኖረ መሆኑ አይካድም፤ በደረጃ መሄድና በየዕለቱ መታረም ግን ከአለንጋው ተለይቶ ሊወሰድ የሚችል ነገር ነው።

እርማት የሚሰጥ መምህር በሌለበት ሌላ ሰው መተካት ይቻላል። ታላቅ እህት፣ ጎረቤት፣ ስልክ የሚመልስ የቀድሞ መምህር፣ ወይም ያንኑ ነገር የሚማር ጓደኛ ያገለግላል። ማንም ከሌለ ቀን የተጻፈበት ደብተር አለ፤ ያለፈው ወር ሥራ ከዚህኛው ወር ጋር ተገላልጦ ሲታይ የለውጡን መጠን ይናገራል። ለሌላ ማስተማርም ራሱ እርማት ነው፤ አስረድቶ ያልጨረሰ ሰው የቱ ጋ እንዳልገባው ያውቃል።

ዕረፍትም የዚሁ አካል ነው። ሐዘን ላይ ያለ፣ የተራበ፣ ከጦርነት የሸሸ ሰው አዲስ ሙያ አልጀመረም ተብሎ አይወቀስም። የሸንኮራ አገዳው ገበሬዎች ጥናት እንዳሳየው ጭንቀት ለማሰብ የሚያስፈልገውን አቅም ይወስዳል፤ ቀድሞ የሚያስፈልገው ምግብ፣ እንቅልፍና ደኅንነት ነው። እንቅልፍ አጥቶ፣ ለወራት ተስፋ ቆርጦ፣ ራሱን ስለመጉዳት የሚያስብ ሰው የሚያስፈልገው የጤና ባለሙያ ነው።

ችግሩ ሲያልፍ የሚመጣው ጥያቄ ከየት ይቀጠል የሚለው ነው። ኮሮና በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ትምህርት ቤቶች ሲዘጋ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ተላልፎ ነበር፤ መቀበያ ያለው ተከታተለ፣ የሌለው ቀረ። ስለዚህ ተመልሰው በአንድ ክፍል የተቀመጡት ልጆች አንድ ቦታ ላይ አልነበሩም። በእንዲህ ያለ ክፍል የሚገባ መምህር የዓመቱን መጽሐፍ ከገጽ አንድ ከመጀመሩ በፊት በአጭር ጥያቄ እያንዳንዱ ልጅ የቱ ጋ እንዳቆመ ይለያል። ጥያቄው ነጥብ አይያዝበትም፣ ደረጃም አይወጣበትም። ማንበብ የተሳናቸው በአንድ ወገን፣ ማካፈል የጠፋባቸው በሌላ ወገን ሆነው ለተወሰኑ ሳምንታት ይሠራሉ፤ የሚችለው ልጅ የማይችለውን ያግዛል፤ ከሳምንታቱ በኋላ መምህሩ ያንኑ ጥያቄ መልሶ ይጠይቃል፣ ምድቡንም በአዲሱ መልስ መሠረት ይቀይራል።